ቢጫ ነው አረንጓዴ?

ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምለው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ሰው አገሬ ጎፋ ነው፣ ቁመቴ አጭር ነው እንደሚለው ነው። አባቴም ቀናተኛ ነበር። ከገበያ ሲመለስ እናቴን ፊቷ ፈክቶ ካገኛት «ማን መጥቶ ነበር?» ይላታል። እኔ ያን ያህል አልደርስም። ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል ከሰው ሁሉ ቀድሜ ራሴን የምነቀንቀው እኔ ነኝ።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ወጣት ነበርኩ፤ የውሃ መስመር ሲዘረጋ በቀን ሠራተኝነት ቦይ ቆፍሬአለሁ። ቆይቶ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሥልጠና ላኩኝና የውሃ ጥራት ባለሙያ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ከወይጦ እስከ ዲመካ ያልቀመስኩት የጉድጓድ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። የትኛው ጨው ጨው እንደሚል፣ የትኛው ብረት ብረት እንደሚል በምላሴ አውቃለሁ። ጂንካ ላይ ስለ ውሃ ወሬ ሲነሣ እኔ ሳልጠየቅ የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር።

ባለቤቴንም ያገኘኋት በውሃ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከወሎ ተመድባ በመጣች ሰሞን ቢሮዬ ገባችና የደፈረሰ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አደረገች። «የትምህርት ቤታችን ውሃ ነው። ንጹሕ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ከሆኑ እስቲ ይጠጡት» አለችኝ። ጠጣሁት። ሆዴን አሞኝ ሰነበትኩ፤ በዓመቱ አገባኋት። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ የምትጠይቀው እኔን ብቻ ነበር። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ነገር፣ ባቄላው ለምን አልበስል እንዳለ፣ የዘንድሮ ዝናብ ለምን እንደዘገየ። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በትዳሬ ውስጥ ከሁሉም የምኮራበት ይህ ነበር።

ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ አንድ ክረምት ለመምህራን ሥልጠና አዲስ አበባ ሄደች። ስትመለስ አየር ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳት። ገና ባጃጅ ውስጥ ሻንጣዋን ሳናስገባ «ባሕር አየሁ» አለችኝ።

«አዲስ አበባ?»

«በመስታወት ውስጥ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጅ አብሯት የተማረ ሰው መምህርነቱን ትቶ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት፣ እነሱ አኳሪየም የሚሉትን፣ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቷል። መንገድ ላይ ተገናኙ፤ ወስዶ ሱቁን አሳያት። እዚያ የጨው ውሃ በተሞላ መስታወት ውስጥ ኮራል አየች። አለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ አበባ የሚመስል ግን እንስሳ የሆነ የባሕር ፍጥረት ነው። እሷ ይህን ፍጥረት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳለች ዕድሜዋን ሙሉ አስተምራለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። ስትነግረኝ ጣቶቿን እንደ አበባ ትዘረጋ ነበር። ደስታዋ ደስታዬ ሊሆን ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የሰማሁት «አብሮኝ የተማረ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ባለትዳር ነው?» አልኳት።

«ስለ ኮራሉ እየነገርኩህ!»

«እሺ፣ ስለ ኮራሉ ቀጥይ።»

ቀጠለች። ሰውየው ከሱቁ የተረፈ አነስተኛ መስታወት ከነመብራቱና ከነፓምፑ፣ ከባሕር ጨው ከረጢት ጋር ሊልክላት ቃል ገብቷል። በስጦታ ነው። ለሰው ሚስት ሽቶ ቢሰጣት ወይ ሻሽ ቢሰጣት፣ ቢያንስ ምን እንደፈለገ ይታወቃል። ባሕር የሚሰጥ ሰው ግን ምን ይባላል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አልኩ በሆዴ።

መስታወቱ በአይሱዙ ተጭኖ በመጣ ቀን እኔ ለሥራ ወይጦ ወርጄ ነበር። መኪናው ወደ አርቦሬ ስለሚታጠፍ ዕቃውን ወይጦ ላይ ተቀበለው ብላ ደወለችልኝ። ተቀበልኩት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ኋላ ላይ ተቀምጬ፣ የሌላ ወንድ ስጦታ ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ጂንካ ድረስ አቅፌው ሄድኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከጎኔ ይልቅ ለእሱ እሳሳ ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ «ብለቀውስ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። አልለቀቅኩትም። የእኔ ቅናት እኔኑ ያቃጥላል እንጂ ዕቃ አይሰብርም።

ቤት ገባና ቴሌቪዥናችን ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። በእሱ ቦታ መስታወቱ ተቀመጠ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንዳይቆም ከጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ፣ ከጠረጴዛው ሥር ባትሪ ዘረጋሁ። ውሃውን በተመለከተ የቧንቧው አይሆንም ተባለ፤ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃም አይሆንም፣ ከቆርቆሮው የሚወጣው ነገር ኮራል ይገድላል ተባለ። ይህን ሁሉ የሚለው ያ ሰውዬ ነው፤ በስልክ። እኔም ግቢው ውስጥ ንጹሕ ሸራ ዘርግቼ የጂንካን ዝናብ በቀጥታ ከሰማይ ተቀበልኩ፤ በመሥሪያ ቤቴ መለኪያ ስለካው ከየትኛውም ጉድጓዴ የጠራ ሆነ። ጨውን በጠበጥንበት። ባለቤቴ መስታወቱ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውስጡ ገና ባዶ ውሃና አለት ብቻ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ቀጥሎ ውሃው መለካት ነበረበት። ጨዉ ልክ መሆኑ፣ አሞኒያ የሚባለው የዓሣ ቆሻሻ መርዝ አለመኖሩ፣ ሌላም ሌላም። እንግዲህ አሁን ወደ እኔ ዞራ «ምን መለኪያ እንግዛ?» ትላለች ብዬ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ተዘጋጀሁ። እሷ ስልኳን አነሣችና ድምፁን ከፍ አድርጋ «ከየትኛው መለኪያ ልጀምር?» ብላ ያን ሰውዬ ጠየቀችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ! ጂንካ ላይ፣ ስለ ውሃ መለኪያ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ!

የባሰው ነገር ደግሞ ሰውየው ትክክል መናገሩ ነው። ጀማሪ ሁሉንም መግዛት የለበትም አላት። መጀመሪያ የጨው መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትር የሚባለው፤ ቀጥሎ አሞኒያና ከእሱ የሚወጣው ናይትሬት፤ ኮራሉ ሲገባ ደግሞ አልካሊኒቲ የሚባለው፣ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት ነገር መለኪያ። ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያወጡትን የወረቀት መለኪያ ተዪው፣ ያሳስትሻል አላት። ከእኔ አፍ ቢወጣ የምኮራበት ምክር ነበር። ከዚያ «ጋሼም ደህና ናቸው?» አለ። ጋሼ! ሽበቴ በስልክ ይታያል እንዴ?

ያን ሳምንት እራት ላይ ክርክር ብቻ ሆነ። እኔ ዲጂታል መለኪያ ካልሆነ አልኩ፤ ቁጥሩን በመስኮቱ የሚያሳይ፣ የማያከራክር። እሷ ሰውየው የነገራትን የጠብታ መለኪያ ትመርጣለች። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ይጨመራል፣ መድኃኒት ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ የወጣውን ቀለም ከካርድ ጋር ማስተያየት ነው። «ዓይን አለሽ፣ ቀለም ይበቃሻል ብሎኛል» አለች።

«ዓይን እንዳለሽ እሱ በምን አወቀ?» አልኳት።

ሳህኑን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ቢያንስ የጨው መለኪያውን እኔ አመጣለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቴን መለኪያ ነከርኩት፤ ቁጥሩ ሮጠ፣ ሮጠና ስህተት ብሎ ቆመ። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ስለሆነ ይህን ያህል ጨው አይችልም። ሪፍራክቶሜትር የሚለውን ስም ግን አልረሳሁም፤ የት እንዳየሁትም አውቃለሁ። ከአሪ ገበሬዎች ማር የሚሰበስብ ወዳጅ አለኝ። ማር ሲገዛ ከኪሱ ቱቦ መሳይ ነገር ያወጣል፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ማር ያደርግና ወደ ብርሃን አዙሮ እንደ መነጽር ያይበታል። ውሃ የበዛበትን ማር ከደህናው የሚለየው በዚያ ነው። ስሙ ሪፍራክቶሜትር ነው። ማር ውስጥ ያለ ውሃ የሚለይ መሣሪያ ውሃ ውስጥ ያለ ጨው እንዴት ያቅተዋል? ደስ እያለኝ ሄድኩ።

«ጨው ያያል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ እስከ ዛሬ ጨው የገባበት ማር አልገጠመኝም» አለ ወዳጄ። «ውሰድና ሞክረው።»

አንድ ስልክ ብደውል የሚጣራ ነገር ነበር። ግን የሚደወለው ለማን ነው? ለዚያ ሰውዬ ነው፤ ስለዚህ አልደወልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን ጠርቼ በፊቷ ጠብታ ውሃ አደረግሁበትና ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁ። ድፍን ሰማያዊ ነው። መስመር የለ፣ ቁጥር ላይ የሚያርፍ ነገር የለ። ደግሜ ጠረግሁ፣ ደግሜ አየሁ። ሰማያዊ። ያኔ ደስ አለኝ፤ የመጣልኝ ሐሳብ ሰውየው የሰጣት ነገር ጨው አይደለም የሚል ነበርና።

«ያ ወዳጅሽ አሸዋ ነው የላከልሽ» አልኳት። «ይህ ውሃ ጨው የሚባል ነገር የለውም።»

እሷ ጣቷን መስታወቱ ውስጥ ነክራ ላሰችው። ፊቷ ተኮማተረ። «ምላሴ እንደዚያ አይልም» አለችና ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ። ሰውየው የመሣሪያውን ፎቶ አስላካት፤ አየውና መሳቅ ጀመረ።

«ይሄ የማር ነው! ከማር የቀጠነ ነገር አያነብም። ማር ጨምሩበትና ቁጥር ይሰጣችኋል!»

ባለቤቴም ሳቀች። ሳቋን እወዳለሁ፤ ያገባኋትም ለሳቋ ጭምር ነው። ያን ዕለት ግን በእኔ፣ በፊቴ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ሳቀች። ፊቴን አይታ ወዲያው አቆመች፤ ማቆሟ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ አሳዘነኝ። የማሩን መለኪያ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ጨው ለራስህ ብትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል የሚለው ተረት ሙሉ ቀን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ያዳነኝ ነገር ቢኖር የወተት መለኪያ ነው። እንስሳት ጤና የሚሠራ ባልደረባ ቢሮ ጎራ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አየሁትና ለምኜ ወሰድኩት። ሻይ ቤቶች ወተት ሲረከቡ ውሃ የተጨመረበት መሆኑን የሚያዩበት፣ ታችኛው ጫፉ የከበደ ቀጭን የመስታወት ተንሳፋፊ ነው። ወተቱ ወፍራም ከሆነ ከፍ ይላል፤ ከቀጠነ ይሰምጣል። አንገቱ ላይ ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ቁጥር ተጽፎበታል። ሰውየው በስልክ የባሕር ውሃ ክብደት አንድ ነጥብ ዜሮ ሃያ አምስት ግድም መሆን አለበት ሲላት ሰምቻለሁ። ሃያ አምስት ደግሞ እዚያው አንገቱ ላይ አለ። ሆኖም አንዴ ያፈርኩ ሰው ስለሆንኩ በቀጥታ ወደ ቤት አልሮጥኩም። ቢሮዬን ዘግቼ መጀመሪያ በባዶ የዝናብ ውሃ ሞከርኩት፤ ሰመጠ። ቀጥሎ ጨው መዝኜ በበጠበጥኩት ውሃ ሞከርኩት፤ ልኩ ላይ ቆመ።

ቤት ወስጄ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ የመስታወቱን ውሃ ሞላሁና ተንሳፋፊውን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ሃያ ስድስት ላይ ረጋ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። እየሳመችኝ ግን አንድ እጇ ስልኩን ይፈልግ ነበር። «በወተት መለኪያ! በወተት መለኪያ ለካው!» ብላ ለዚያ ሰውዬ ነገረችው። «ጎበዝ ናቸው ጋሼ» አለ ሰውየው። የእኔን ድል ከእኔ ቀድሞ እሱ መረቀው።

ዓሣዎቹና ኮራሉ የሚመጡበት ጊዜ ደረሰ። ሰውየው ራሱ ይዟቸው በአውሮፕላን እንደሚመጣ ነገረችኝ። አየር ማረፊያ ሄጄ ልቀበለው ግድ ሆነ። መላጣ ቢሆን፣ ቦርጭ ቢኖረው ምን ነበረበት? የለውም። መልከ መልካም ነው፤ ቁመቱም ከእኔ ይረዝማል። ዓሣዎቹና ኮራሉ በላስቲክ ውሃ ውስጥ ታሽገው በበረዶ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሳጥኑን ተቀብዬው በባጃጅ ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ «ጂንካ እንዴት ታምራለች!» ይላል፤ እኔ «አዎ» እላለሁ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችው። ተሳሳሙ፤ እንደ ወንድምና እህት ነው፣ አላጋንንም። ምሳ ተበላ። ከዚያ ሰውየው ዓሣዎቹን ከመልቀቁ በፊት ውሃውን ልይ አለና ከቦርሳው ሁለት ካርቶን አወጣ፤ በአንዱ ዲጂታል መለኪያ፣ በሌላው የጠብታ መለኪያ አለ። በጠብታው ጀመረ። ብልቃጡን በመስታወቱ ውሃ ሞላ፣ የአሞኒያውን መድኃኒት ጠብ ጠብ አደረገ፣ ከድኖ ነቀነቀው፣ ትንሽ ጠበቀ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። ሰውየው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና፣ እሱ ራሱ እንኳ በቅጡ ሳያየው፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ ተጣራ።

«አንቺ፣ ምን መጣ?»

ባለቤቴ ሳህኗን ትታ እጇን እያደራረቀች መጣች፤ ትከሻው አጠገብ ቆማ ወደ ብልቃጡ አየች።

«ቢጫ» አለች።

«አረንጓዴ የለበትም?»

«የለበትም። ንጹሕ ቢጫ።»

«ተመስገን» አለና አስቀመጠው። ቢጫ ከሆነ መርዝ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። እሷም ሌላ ነገር ሳትናገር ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

ይኸው ነው የሆነው። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያ አጠራርና ያ አመጣጥ የዛሬ አይደለም። ከኮሌጅ ወዲህ ሳይገናኙ ኖረው፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል እንዲህ መግባባት ከየት መጣ? ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«አንተ ራስህ አታየውም?» አልኩት።

«አላየውማ» አለ እየሳቀ። «አልነገረችዎትም እንዴ? ለእኔ ቢጫና አረንጓዴ አንድ ናቸው፤ ቀዩና ቡናማውም እንደዚያው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ነበር የምታደርገው?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔም አወጣሁ።

«እሷ ነበረቻ ዓይኔ» አለ። «ትምህርቱን እስክንጨርስ ድረስ። እኔ እቀላቅላለሁ፣ እሷ ታይልኛለች። አንድም ቀን አልሰለቸችም፤ ለመምህራኑም ለማንም አልተናገረችብኝም። ለባሏም አለመናገሯን ገና ዛሬ አየሁ።»

«ዛሬስ ሱቅህ ውስጥ?»

ዲጂታሉን ካርቶን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይኼ ይነግረኛል። ሱቄ ውስጥ እሷ የለችም።»

በክፋት አልተናገረውም። እንደ ዕቃ ጉዳይ ነው የተናገረው፤ ለዚህም ነው ያመንኩት። ወድጃት ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ለዚያ መልስ አለኝ፤ ያገባኋት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ለዚህ ግን ምን ይባላል? እኔ ከእሷ ጋር ስኖር እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በዚህ ስኮራ ኖሬ፣ አንድም ቀን ብልቃጥ አንሥቼ «ምን ይታይሻል?» ብያት አላውቅም። ዓይኔ ደህና ነው። ዓይኔ ደህና በመሆኑ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድኩ።

ሰውየው ዓሣዎቹን ለቀቀ፣ ኮራሉን አለቱ ላይ አጣበቀ። ባለቤቴ ብርቱካናማዎቹን ዓሦች ባለ ነጭ መቀነት እያለች እንደ ሕፃን ትጠራቸዋለች። ከዚያ ሰውየው ሁለቱን ካርቶኖች ወደ እኔ ገፋቸው።

«ጋሼ፣ የውሃ ባለሙያው እርስዎ ነዎት። የትኛውን ልተውላችሁ?»

ባለቤቴ ፈገግ አለች። መልሴን ታውቀዋለች፤ ሳምንት ሙሉ በእራት ሰዓት ስትሰማው ከርማለች። ዲጂታሉን አየሁት። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ውሃውን ያስገቡለታል፣ ቁልፉን ይጫኑታል፣ ቁጥሩን ይናገራል። ሌላ ሰው መጥራት አያስፈልግም። አንድ ሰው ብቻውን ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል።

«ጠብታውን» አልኩ።

«ዲጂታል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ስትል አልነበር?» አለች ባለቤቴ።

«ቤታችን ብርሃን አለው» አልኳት። ሰውየው በማግስቱ ዲጂታሉን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ነው። ብልቃጡን እሞላለሁ፣ ጠብታውን አደርጋለሁ፣ ነቅንቄ እጠብቃለሁ፣ ወደ መስኮቱ አነሣለሁ። ከዚያ እጣራለሁ። «አንቺ፣ ምን መጣ?» የመጀመሪያው ቀን ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አይታይህም?»

«ዓይኔ ደከም ብሏል መሰለኝ።»

«መነጽር እንግዛልህ?»

«መነጽር ቀለም አይለይም» አልኳት። መጣችና አጠገቤ ቆመች። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «ቢጫ» አለች። እንደዚያ ዓመታት አለፉ። ኮራሉ ሰፋ፣ ሌላ አለት ላይ ተሻገረ፤ ተማሪዎቿ በየተራ እየመጡ አዩት። ሰውየው በየበዓሉ ይደውላል፤ እሷ ስልኩን ስታነሣ አሁንም ጆሮዬ ይቆማል። ልሸሽገው አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይቀለኛል።

ያለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ብልቃጡን አነሣሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ በረንዳ ላይ ተቀምጠን መንገድ ማዶ በሚያልፍ ባጃጅ ጀርባ የተለጠፈውን ጥቅስ ያለ መነጽር ጮክ ብዬ አንብቤላት ስቀንበታል። ይህን ልብ አላልኩትም ነበር። ተጣራሁ፤ መጣች፤ ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ውሃው እንደ ቅቤ ቢጫ ነው።

«አረንጓዴ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ተማሪ ስትፈትን እንደምትሆነው ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ድፍን አረንጓዴ። አሞኒያ ገብቶበታል። ዓሦቹ ሳይሞቱ ውሃው ይቀየር።»

ብልቃጡ እፊቴ ነው፤ ቢጫ ነው። ቢጫ ነው ብል ትክክል እሆናለሁ፤ ትክክል ከሆንኩ ግን ቅዳሜዬ አለቀ።

«እንግዲያው ይቀየራ» አልኩና ተነሣሁ። የዝናቡን ውሃ ከበርሜል ቀዳሁ፣ ጨዉን መዘንኩ፣ በጠበጥኩ፣ በወተት መለኪያው ለካሁ። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አጣምራ ታየኛለች። ከመስታወቱ የቀዳሁትን ጤነኛ ውሃ ደጅ ልደፋ ባልዲውን አንሥቼ በአጠገቧ ሳልፍ ተናገረች።

«እሱን አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም።»

ቆምኩ። ባልዲው እጄ ላይ ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«ማየት አይችልም ነበራ» አለች፤ ከዚያ እስክታነባ ሳቀች። በዚህኛው ሳቅ ሌላ ሰው አልነበረበትም። እኔም ባልዲውን አስቀምጬ ከእሷ ጋር ሳቅሁ። ውሃውን ግን ቀየርኩት፤ ጀምሬው ነበርና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሣሁና ተጣራሁ። እጇን እያደራረቀች መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«ምን መጣ?» አልኳት።

«ሰማያዊ» አለች።

ባልዲውን ላመጣ ሄድኩ።